ያልተሰጠው ትምህርት፦ የሠዓሊው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሕይወትና ሥራ



ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው «ሞና ሊዛ» ወደምትባለው ሥዕል ነው። ስለ ፈገግታዋ ያልሰማ የለም። ዛሬ ግን ስለ እሷ አናወራም። የምናወራው ይኸው ሰው የሰውን ገላ አጥርቶ ለመሣል ሲል ምን ድረስ እንደሄደ፣ ምን እንዳገኘ፣ ያገኘውም ዕውቀት መጨረሻው ምን እንደሆነ ነው። ነገሩ የሥዕል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ጠመኔ ይዘን በልጆች ፊት ለምንቆም ለእኛ ለዕጩ መምህራን የተለየ ቁም ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ከሱ በፊት የሰው ገላ እንዴት ይሣል ነበር?

የሰው ልጅ ራሱን መሣል የጀመረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ በየዘመኑ የነበሩ ሠዓሊዎች ዓይናቸው ያየውን ሁሉ አልሣሉም። የሣሉት ዘመናቸው አስፈላጊ ነው ያለውን ነው። ለምሳሌ ያህል የጥንት ግብጾች ሰውን ሲሥሉ ፊቱን ከጎን፣ ዓይኑን ከፊት ለፊት፣ ትከሻውን ከፊት ለፊት፣ እግሩን ደግሞ ከጎን ያደርጉታል። እንዲህ ሆኖ የሚቆም ሰው የለም። ሆኖም ባለማወቅ አይደለም። እያንዳንዱ የአካል ክፍል በደንብ ተለይቶ ከሚታወቅበት አቅጣጫ እንዲታይ ስለፈለጉ ነው። መጠኑን እንዳይስቱም ግድግዳውን አስቀድመው በካሬ በካሬ ያሰምሩታል። የቆመ ሰው ከእግሩ መርገጫ እስከ ፀጉሩ መነሻ 18 ካሬ እንዲሆን ደንብ ነበራቸው። ደንቡም ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል።

ግሪኮች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቀራጺ ፖሊክሌይቶስ ስለ አካል መመጣጠን መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቷል። ጦር ተሸክሞ የቆመው ወጣት ሐውልቱ ግን ሮማውያን በእብነ በረድ እየቀዱ ስላባዙት መልኩ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ወጣቱ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ስለቆመ ዳሌውና ትከሻው ዘንበል ዘንበል ብለዋል። ድንጋዩ የሚተነፍስ ይመስላል። ከዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሰውን አካል ልክ ዘረዘረ። ቤተ መቅደስም እንደ ሰው አካል የተመጣጠነ መሆን አለበት ባይ ነበር።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሥዕል በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ። ቅዱሳኑ ማን ማን መሆናቸው ተለይቶ መታወቁ እንጂ በልብሳቸው ሥር ያለው ጉልበትና ክርን በትክክል መሣሉ ያን ያህል አያስጨንቅም ነበር። ለውጡ በጉልህ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ የኢጣሊያዋ ፍሎሬንስ ናት። በ1420ዎቹ ማሳቾ የሚባል ወጣት ሠዓሊ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ የሚያሳይ ሥዕል በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሣለ። አዳም በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። ሆዱ በለቅሶው ወደ ውስጥ ተስቧል። ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አፍረው ቅጠል ጨመሩባቸው፤ ቅጠሉ የተነሣው በ1980ዎቹ በተደረገው ዕድሳት ነው። እንግዲህ ሊዮናርዶ በልጅነቱ ለሙያ የሄደው የሰው ገላ እንደገና መታየት ወደጀመረባት ወደዚህች ከተማ ነበር።

የመንደሩ ልጅ

ሊዮናርዶ የተወለደው ሚያዝያ 15 ቀን 1452 ከፍሎሬንስ ወጣ ብላ በምትገኘው በቪንቺ መንደር አካባቢ ነው። «ዳ ቪንቺ» ማለትም የቪንቺ ሰው ማለት ነው። አባቱ ሴር ፒየሮ የታወቀ የውል ጸሐፊ ነበር። እናቱ ካተሪና ግን ምንም የሌላት ድሃ ነበረች። ሁለቱ አልተጋቡም። ልጁ ከጋብቻ ውጭ በመወለዱ የአባቱን ሙያ ሊወርስ አይችልም ነበር። ትምህርቱም ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያም ትንሽ ሒሳብ ላይ አቆመ። የዘመኑ ሊቃውንት መጽሐፍ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ ሊዮናርዶ ደግሞ ላቲን አያውቅም። ካደገ በኋላ ከመጽሐፍ ጋር እየታገለ ለመማር ሞከረ እንጂ እንደ ልቡ አልሆነለትም። ይህ ነገር ዕድሜ ልኩን ሲከነክነው ኖረ። ያልተማረ እያሉ ለሚንቁት ሰዎችም መልሱ አንድ ነበር፤ እነሱ የሰው ቃል እየጠቀሱ ሲናገሩ እሱ ግን አስተማሪው የራሱ ልምድ መሆኑን ያስረዳ ነበር።

ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ ሲሆን አባቱ ፍሎሬንስ ወስዶ ለአንድሬያ ዴል ቬሮኪዮ ሰጠው። ቬሮኪዮ ሥዕልም ቅርጻ ቅርጽም ነሐስ ማቅለጥም የሚሠራበት ትልቅ የሥራ ቤት ነበረው። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ደቀ መዝሙሩ የሚጀምረው ቀለም በመፍጨትና ሰሌዳ በማለስለስ ነው። ቀስ በቀስ ከመምህሩ ሥዕል ላይ አንድ ጥግ ይሰጠዋል። ቬሮኪዮም በክርስቶስ ጥምቀት ሥዕል ላይ አንዱን መልአክ ለሊዮናርዶ ተወለት። መልአኩ ዘወር ብሎ ሲያይ አንገቱ፣ ትከሻውና ፀጉሩ አብረው ይዞራሉ። ሥዕሉን ዛሬ የሚያይ ሰው የትኛው የደቀ መዝሙሩ እጅ እንደሆነ ሳይነግሩት ይለያል። በ1472 የሠዓሊዎች ማኅበር መዝገብ ላይ ስሙ ሠፈረ።

በዚያን ጊዜ በፍሎሬንስ አንቶኒዮ ዴል ፖላይዎሎ የሚባል ሌላ ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው አሥር ራቁታቸውን የሆኑ ወንዶች በጦር መሣሪያ ሲፋለሙ የሚያሳይ የታወቀ የኅትመት ሥዕል ሠርቷል። በሥዕሉ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ጡንቻ፣ የሚመታውም የወደቀውም፣ እኩል ተወጥሯል። ሠዓሊዎች በዚህ ጉድ አሉ። ሊዮናርዶ ግን በኋላ እንዳሰፈረው እንዲህ ያለውን አሣሣል አልወደደውም። በእሱ አስተያየት አንድ ሰው ሲሠራ የሚወጠረው ሥራውን የያዘው ጡንቻ ብቻ ነው። ሌላው ማረፍ አለበት። ሁሉንም አሳብጦ የሚሥል ሠዓሊ የሣለው ሰው ሳይሆን ጠጠር ያለ ፍሬ የታጨቀበት ስልቻ ነው።

ታዲያ የትኛው ጡንቻ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከቆዳው በላይ ሆኖ መገመት ይቻላል፤ ማወቅ ግን አይቻልም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሊዮናርዶም ሥሩን ፍለጋ ወረደ።

በሚላኖ፦ ራስ ቅልና ክብ ውስጥ የቆመው ሰው

በ1482 ገደማ ሊዮናርዶ ወደ ሚላኖ ሄዶ ለገዢው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ አደረ። ስለ ምሽግ፣ ስለ ቦይ፣ ስለ ግብዣ መድረክ ሲሠራ እየዋለ፣ «የመጨረሻው እራት» የተባለውን ዝነኛ የግድግዳ ሥዕልም በ1490ዎቹ የሠራው እዚያው ነው። የእኛ ታሪክ ግን የሚጀምረው በሚያዝያ ወር 1489 ነው። በዚያ ወር ሊዮናርዶ የሰው ራስ ቅል አግኝቶ ስለ ሰው አካል መጽሐፍ እጽፋለሁ ብሎ ተነሣ። ራስ ቅሉን በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ፊት እንዳለ፣ ግማሹን ተከፍቶ ሣለው። በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለውን ባዶ ክፍል በሥዕል ለይቶ ሲያሳይ ከእሱ በፊት የቀደመው አይታወቅም። የጥርስ ሥሮችን ሳይቀር ቆጥሮ አሳይቷል።

በዚሁ ጊዜ፣ ማለትም በ1490 አካባቢ፣ በየመጽሐፉ የምናያትን ያችን ሥዕል ሠራ፤ በክብና በካሬ ውስጥ እጅና እግሩን ዘርግቶ የቆመው ሰው። ሥዕሏ ያለችው ቬኒስ ከተማ ነው። ቁመቷ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ሐሳቡ የቪትሩቪየስ ነው። ሰው እጁን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ የዝርጉ ርዝመት ከቁመቱ ጋር ይተካከላል፤ ስለዚህ ካሬ ውስጥ ይገባል። እጁን ከፍ፣ እግሩን ከፈት ሲያደርግ ደግሞ እምብርቱ ማዕከል ሆኖ ክብ ውስጥ ይገባል። ከሊዮናርዶ በፊት ይህን ለመሣል የሞከሩ ሰዎች የክቡንና የካሬውን ማዕከል አንድ ቦታ ላይ ለማድረግ ሲሉ የሰውየውን እጅና እግር ያለ ልኩ ይስቡት ነበር። ሊዮናርዶ ግን ለሰውየው አደላ። የካሬውን ማዕከል ዝቅ አድርጎ ሁለቱን አለያያቸው። መጽሐፉ የሰው እግር ጫማ የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ነው ቢልም ሊዮናርዶ አንድ ሰባተኛ ብሎ ጻፈ። የተከበረው መጽሐፍ ከተለካው ሰው ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚታረመው መጽሐፉ ነው ማለት ነው።

ይህን ማንኛችንም በአንድ ሲባጎ ልንሞክረው እንችላለን። ቁመታችሁን ለኩ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ደግሞ ለኩ። ብዙውን ጊዜ ይቀራረባል። ነገር ግን አንዱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ሌላው ያንሳል። የቪትሩቪየስ ልክ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባናል።

የሽማግሌው ቀስ ያለ ሞት

በ1500ዎቹ መጀመሪያ ሊዮናርዶ ወደ ፍሎሬንስ ተመልሶ ነበር። በ1507 እና በ1508 መካከል በነበረው ክረምት በሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረ አንድ ሽማግሌ ጋር ተገናኘ። ሰውየው ዕድሜው ከመቶ ዓመት እንደሚበልጥ ነገረው። ከድካም በቀር የሚሰማው ሕመም አልነበረም። እንዲሁ አልጋው ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ሳይንፈራገጥ፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ አረፈ። ሊዮናርዶ እንዲህ ያለ ለስላሳ ሞት ከምን እንደመጣ ለማወቅ ፈለገ። አስከሬኑን ከፍቶም መረመረ።

ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ለልብ ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ጠብበው፣ ደርቀውና ተጣምመው አገኛቸው። ከዚያም በሁለት ዓመቱ የሞተ ሕፃን አስከሬን መርምሮ አስተያየ። የሕፃኑ ደም ሥሮች ቀጥ ያሉና ለስላሳ ነበሩ። ሊዮናርዶ ነገሩን በወንዝ መሰለው። ወጣት ወንዝ ቀጥ ብሎ ይፈሳል፤ ሲያረጅ ይጠማዘዛል፣ ደለል ይሞላዋል። የዛሬ ሐኪሞች የደም ቅዳ መጥበብ የሚሉትን በሽታ ከምርመራ ተነሥተው በጽሑፍ ካስቀመጡት ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ብዙ ጊዜ ሲወራ፣ በዚያ ዘመን አስከሬን መክፈት ፈጽሞ የተከለከለ ስለነበር ሊዮናርዶ በድብቅ እየሰረቀ ነው የሠራው ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። በኢጣሊያ ዩኒቨርሲቲዎች በሞት የተቀጡ ወንጀለኞች አስከሬን በፈቃድ ይመረመር ነበር። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን የጋሌንን መጽሐፍ ያነባል። ጸጉር አስተካካዩ ከታች ሆኖ ይቆርጣል። ተማሪው ከሩቅ ያያል። ጋሌን ደግሞ የመረመረው በአብዛኛው ዝንጀሮና አሳማ ነበር። መጽሐፉና ሬሳው ሳይስማሙ ሲቀሩ ጥፋተኛ የሚባለው ሬሳው ነው! ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ምሳሌ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

ሊዮናርዶ በእጁ ይዞ የቆረጣቸው ሰዎች እነማን ነበሩ? ሽማግሌው ስሙ አልታወቀም። ሕፃኑም እንዲሁ። ሌሎቹም በሆስፒታል የሞቱ ወይም በፍርድ የተቀጡ ሰዎች እንጂ ሀብታሞች አልነበሩም። ዓለም ስለ ሰው ገላ ያወቀው በስማቸው ባልተመዘገቡ ድሆች አካል መሆኑን መርሳት አይገባም።

የአሠራሩ ዘዴ

ሥራው ቀላል አልነበረም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን የሚሠራው በአብዛኛው በብርድ ወራት ነበር። አንድ አስከሬን ሳይበሰብስ የሚቆየው ጥቂት ቀን በመሆኑ አንዱን ነገር አይቶ ለመጨረስ ብዙ አስከሬን ያስፈልጋል። ሊዮናርዶ ራሱ ይህን ሥራ ለሚመኙ ሰዎች ሲመክር፣ ሆድ ቢችለው እንኳ ሌሊት ከተገፈፈ ሬሳ ጋር ብቻ መሆን ያስፈራል፣ ፍርሃቱ ቢቀር እንኳ የሥዕል ችሎታ ላይኖር ይችላል፣ ችሎታው ቢኖር ልክና መለኪያ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ይህ ሁሉ ቢሟላ ትዕግሥት ሊጎድል ይችላል በማለት አስጠንቅቋል።

በ1510 እና በ1511 መካከል በሚላኖ አቅራቢያ በምትገኘው ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የአካል ጥናት የሚያስተምረው ወጣቱ ፕሮፌሰር ማርካንቶኒዮ ዴላ ቶሬ የሥራ ባልደረባው ሆነ ይባላል። በዚያ ክረምት የተሠሩት 18 ወረቀቶች ብቻ ከ240 በላይ ሥዕሎች አሉባቸው። በዙሪያቸውም በግራ እጁ ከቀኝ ወደ ግራ በመስተዋት አጻጻፍ የተጻፈ ደቃቅ ማስታወሻ ሞልቷል።

ለመምህር የሚጠቅመው ግን የአሣሣሉ ብልሃት ነው። ትከሻን አንድ ጊዜ ሣል አድርጎ አይተወውም። ሰውየው የዞረ ያህል ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ደጋግሞ ይሥለዋል። ጡንቻው ሌላውን ሲሸፍንበት ጡንቻውን በገመድ ይተካዋል፤ ገመዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር፣ ሲሳብም የትኛውን አጥንት እንደሚያንቀሳቅስ ወዲያው ይታያል። አጥንትን ከአጥንት ትንሽ አራርቆ በመሣል እንዴት እንደሚገጣጠሙ ያሳያል። እጅን ከአጥንቱ ጀምሮ ጅማቱን፣ ጡንቻውን፣ በመጨረሻም ቆዳውን እያለበሰ በየደረጃው ይሠራዋል። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው የሚባለው የማስተማር ዘዴ ይኸው አይደለም? የጀርባ አጥንትንም ተፈጥሯዊ ጉብጠቱን ጠብቆ በትክክል በመሣል ቀዳሚ ሆኗል።

ስለ ልብ ያደረገው ጥናት ደግሞ የሁሉ ቁንጮ ነው። የሰው ልብ እንደ ልብ ስለማይገኝ በበሬ ልብ ተጠቀመ። ልብ ራሱ ጡንቻ መሆኑን፣ አራት ክፍሎች እንዳሉት አስቀመጠ። ደም ከልብ ከወጣ በኋላ የሚዘጋው ቫልቭ እንዴት እንደሚሠራ ለማየትም የደም ቅዳውን በር አምሳያ በመስተዋት አዘጋጅቶ የሣር ዘር የተቀላቀለበት ውኃ የማሳለፍ ዘዴ ቀየሰ። ዘሩ ሲሽከረከር የውኃው አዙሪት ይታያል። ቫልቩን የሚዘጋው ይህ አዙሪት ነው አለ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች በመሣሪያ መርምረው ሐሳቡ ትክክል መሆኑን አረጋግጠዋል።

ስሕተት አልነበረበትም ማለት ግን አይደለም። ፅንስ በማሕፀን ውስጥ ተጣጥፎ የሚያሳየው ውብ ሥዕሉ ላይ ያለው እንግዴ ልጅ የላም ነው። ደም በገላ ውስጥ ዞሮ እንደሚመለስም አልደረሰበትም፤ ያንን ዊልያም ሃርቪ ያሳተመው በ1628 ነው። በወጣትነቱ አንጎል ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች የጥንት መጽሐፍ እንዳለው ሦስት ድቡልቡል ኳሶች አድርጎ ሥሎ ነበር። በኋላ ግን በበሬ አንጎል ውስጥ ቀልጦ የሞቀ ሰም አፍስሶ፣ ሲደርቅ ቅርጹን አውጥቶ አየና የራሱን ሥዕል አረመ። ትልቅነቱ ፈጽሞ ባለመሳሳቱ አልነበረም። ሲያይ ይታረም ነበር።

መጽሐፉ ምን በላው?

ሊዮናርዶ በ1510 ላይ መጽሐፉን በቅርቡ እንደሚጨርስ ተስፋ አድርጎ ነበር። በኅትመት መሣሪያ ብዙ መጻሕፍት መውጣት ከጀመሩ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሆኗል። ሥዕሎቹ ተዘጋጅተዋል። ምን ቀረው?

መጀመሪያ በ1511 ዴላ ቶሬ በወረርሽኝ ሞተ። ቀጥሎ ጦርነቱ ሚላኖን ሲያናውጣት ሊዮናርዶ ከከተማው ወጥቶ በደቀ መዝሙሩ በፍራንቼስኮ ሜልዚ ቤተሰብ ቤት ተጠለለ። የሰው አስከሬን ስለጠፋ ወደ በሬ ዞረ። በ1513 ወደ ሮማ ሄደ። እዚያም አንድ የመስተዋት ሠራተኛ ተጣልቶት ስለ አስከሬን ምርመራው በፓፓ ሊዮ 10ኛ ዘንድ ከሰሰው፤ የሆስፒታሉም በር ተዘጋበት። እነዚህ ሁሉ ከውጭ የመጡ መሰናክሎች ናቸው።

ከውስጥ የመጣም ነበር። ሊዮናርዶ ማየት እንጂ መጨረስ አይሆንለትም ነበር። አንዱን ጥያቄ ሲመልስ ሦስት ይወልድበታል። ከእጅ ወደ ወፍ ክንፍ፣ ከደም ወደ ወንዝ ይሄዳል። የቀሩት ሥዕሎቹ እንኳ ሃያ አይሞሉም፤ ከነሱም ያልተጨረሱ አሉ። ማስታወሻዎቹ ግን ከ7,000 ገጽ በላይ ናቸው። ነገ አስተካክላቸዋለሁ እያለ ዓመት በዓመት ላይ ተተካ።

በ1516 የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንስዋ 1ኛ ጋበዘውና አምቧዝ በምትባል ከተማ መኖሪያ ሰጠው። በጥቅምት 1517 አንድ ካርዲናል ሊጎበኘው ሲመጣ ጸሐፊው እንደመዘገበው፣ ሽማግሌው ሊዮናርዶ ወረቀቶቹን አሳይቷቸው ከሠላሳ በላይ የወንድና የሴት አስከሬን መመርመሩን ነገራቸው። በዚያን ጊዜ ቀኝ እጁ ሽባ ሆኖ ነበር። ግንቦት 2 ቀን 1519 በ67 ዓመቱ አረፈ።

ወረቀቶቹን ሜልዚ ወረሰ። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ እንደ ቅርስ ጠበቃቸው። በ1570 ገደማ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ዋጋቸውን አላወቁም፤ ወረቀቶቹ ተበተኑ፣ ተሸጡ። የአካል ጥናቱ ሥዕሎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ገቡ። ዛሬም ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ሐንተር የተባለ ዕውቅ ሐኪም አይቷቸው ተገረመ፤ ሊያሳትማቸው ቢያስብም በ1783 ሞተ። በዝርዝር መታተም የጀመሩት በ1898 ነው። ከሊዮናርዶ ሞት እስከዚያ ድረስ 379 ዓመት ይሆናል!

እስከዚያ ድረስ ዓለም ቆሞ አልጠበቀም። በ1543 አንድሬያስ ቬሳሊየስ የተባለ የ28 ዓመት መምህር «ስለ ሰው አካል አሠራር» የሚል ትልቅ መጽሐፍ ባዝል ከተማ አሳተመ። እሱም እንደ ሊዮናርዶ በገዛ እጁ ቆርጦ፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ ነው። ልዩነቱ ከወንበሩ ወርዶ በተማሪዎቹ መካከል ሆኖ መቁረጡና ያየውን ማሳተሙ ነው። ጋሌን የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ያለውን አንድ መሆኑን አሳየ። በጥሩ ሠዓሊዎች የተሠሩት ሥዕሎቹ፣ ቆዳቸው ተገፎ በሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች፣ በሠዓሊዎችም በሐኪሞችም ቤት ገቡ። ዛሬ የዘመናዊ አካል ጥናት አባት የሚባለው ሊዮናርዶ አይደለም፤ ቬሳሊየስ ነው። ሆኖም ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱን ሥራ አስተያይተው በርካታዎቹ የሊዮናርዶ ሥዕሎች እንደሚበልጡ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ምን እንማራለን?

ሊዮናርዶ ሰነፍ አልነበረም። ራስ ወዳድም አልነበረም፤ ለማሳተም አስቦ ነበር። ነገር ግን ከሠላሳ በላይ አስከሬን ጎን ያሳለፋቸው ሌሊቶች አንድም ሐኪም አላሠለጠኑም፣ አንድም በሽተኛ አላዳኑም። የሽማግሌው የደም ቅዳ መጥበብ በዝግ ደብተር ውስጥ ተኛ። ሌሎች ያንኑ መንገድ ከዜሮ ጀምረው ሊሄዱት ግድ ሆነባቸው።

እኛ ሠዓሊ ላንሆን እንችላለን። አንዳንዶቻችን ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት የራስ ቅል ሞዴል ቀርቶ ባለ ቀለም ጠመኔ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ግን ከሊዮናርዶ ሁለት ነገር መውሰድ እንችላለን። አንደኛው ደግ ምሳሌ ነው፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብሎ ከማለፍ በፊት መለካት፣ መቁጠር፣ ማየት፤ ክንድ እንዴት እንደሚታጠፍ በሁለት ዱላና በአንድ ገመድ ማሳየት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ሁሉንም እስካውቅ ልቆይ፣ ማስታወሻዬን እስካሳምር ልጠብቅ የሚል መምህር በፊቱ ያሉት ልጆች ክፍል አልፈው ሲሄዱ ያያል። ትናንት ያወቅነውን ዛሬ ብናስተምር፣ ስሕተት ካለበት ነገ ሲታይ ይታረማል። በሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ትክክለኛ ሥዕል ግን የሚያርመውም የሚማርበትም የለም።

የዊንድዘር ወረቀቶች ዛሬ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የሚያያቸው ሁሉ ያደንቃቸዋል። በ1511 ግን የሚፈልጓቸው ተማሪዎች ፓቪያ ውስጥ ቁጭ ብለው ነበር።